ጋዙ ከራሱ የሆነ ወይን እና የጎጃም ጠጅ

ወይን በኮካ፣ ቢራ በስፕራይት ቀላቅሎ መጠጣት በባሕር ዳርም በደብረ ማርቆስም አዲስ ነገር አይደለም። ወይን አዋቂ ነን የሚሉ ይስቁበታል። ቀላቃዩ ግን የሚፈልገውን ያውቃል፦ ቀዝቃዛ፣ ጋዝ ያለው፣ አልኮሉ ቀለል ያለ፣ ዋጋው የማያስደነግጥ፣ ከጥብስም ከሽሮም ጋር የሚሄድ መጠጥ። ባለፉት ሃያ ዓመታት ገደማ በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በአሜሪካ ወጣት ጠጪዎችን የሳበው «ፔት-ናት» የሚሉት ወይንም የያዘው ይህንኑ ፍላጎት ነው። ብዙ ጊዜ ደፍረስ ያለ ነው፣ በቡሽ ፋንታ ቆርኪ ይገጠምለታል፣ ለመክፈት ሠርግም ምርቃትም አያስፈልገውም።

አሠራሩ ከሌሎቹ ሁሉ አጭር ነው። የወይን ጭማቂ ሲፈላ እርሾው ስኳሩን ይበላና አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተካል፤ ከስኳሩ ክብደት በግምት ግማሹ አልኮል፣ ግማሹ ጋዝ ይሆናል። ዕቃው ክፍት ከሆነ ጋዙ ይበናል። የፔት-ናት ሠሪ ፍላቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ወይኑን በጠርሙስ ሞልቶ ያሽገዋል። የተረፈው ስኳር እዚያው ውስጥ ይፈላል፤ ጋዙም መውጫ ሲያጣ በወይኑ ውስጥ ይሟሟል። ከሲሊንደር የሚነፋ ጋዝ የለም፣ ሁለተኛ እርሾም የለም። በደቡብ ፈረንሳይ የሊሙ ወይን ሠሪዎች የዚህን ዘዴ ታሪክ እስከ 1531 እ.ኤ.አ.፣ እስከ ሴንት ሂለር ገዳም መነኮሳት ድረስ ይወስዱታል። የሎዋር ሸለቆዋ ሞንሉዊ ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. ለዘዴው የራሱ ደንብ አውጥታለታለች።

ከሻምፓኝ ጋር ሲተያይ የርካሽነቱ ምክንያት ይታያል። ለሻምፓኝ መጀመሪያ ያለቀለት ወይን ይሠራል። ከዚያ በሊትር 24 ግራም ያህል ስኳርና አዲስ እርሾ ተጨምሮበት ይታሸጋል። ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ቢያንስ 15 ወር ይቀመጣል፤ ጠርሙሱ ቀስ በቀስ ተዘቅዝቆ ዝቃጩ አንገቱ ላይ ይሰበሰባል፤ አንገቱ በረዶ ተደርጎ ዝቃጩ ይወጣል፤ የጎደለው ተሞልቶ በቡሽና በሽቦ ይታሰራል። ግፊቱ ከ5 እስከ 6 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ስለሚደርስ ጠርሙሱም ወፍራምና ውድ ነው። ፕሮሴኮ የሚባለው የጣሊያን ወይን ይህን ሁሉ የሚያሳጥረው ግፊት በሚችል ትልቅ ጋን ውስጥ በማፍላት ነው፤ ጋኑ ግን የፋብሪካ ገንዘብ ይጠይቃል። ፔት-ናት ሁለቱንም ዘለላቸው። ግፊቱም በአብዛኛው ዝቅ ያለ ነው፤ በአውሮፓ ደንብ ከ1 እስከ 2.5 ባር ያለው ከፊል ጋዝ ያለው ወይን፣ 3 ባርና ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ ሙሉ ጋዝ ያለው ይባላል፤ ፔት-ናት በሁለቱ ዙሪያ ይውላል። ዛሬ በፓሪስና በኒውዮርክ አንዳንዱ ጠርሙስ ከሻምፓኝ እኩል ይሸጣል። ያ የፋሽን ዋጋ ነው፤ ሥራው አይጠይቀውም።

ይህን ሁሉ ደረጃ መዝለል ቢቻልም አንድ ሥራ ግን አይዘለልም፤ ቆርኪው በሚገጠምበት ሰዓት ምን ያህል ስኳር እንደቀረ ማወቅ። ርካሽነቱም አደጋውም ያለው እዚች ላይ ነው።

ለጎጃም ጠጪ ጉዳዩ ሩቅ እንዳይመስል ከኪስ እንጀምር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ብዙ ስለወረደ ከውጭ የሚገባ ጋዝ ያለው ወይን ከተራ ጠጪ እጅ ይበልጥ ርቋል። የአገር ውስጡ የወይን እርሻ ደግሞ ያለው ደረቅ ባለው የስምጥ ሸለቆ ነው፤ የዝዋዩ የካስትል እርሻ የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ለገበያ ያቀረበው በ2014 እ.ኤ.አ. ነበር። በጎጃም ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ለወይን ተክል ሻጋታ ማለት ነው። ስለዚህ ወይን እንትከል ብሎ መነሣት ረጅሙ መንገድ ነው። ማር ግን አለ። መጭው፣ ኑጉና አደይ አበባው ካበበ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር በየገበያው ይወጣል፤ ጌሾውም በየጓሮው ነው።

ጠጅ ደግሞ ለፔት-ናት የሥጋ ዘመዱ ነው። እርሾ ሳይገዛለት በራሱ ይፈላል፣ ደፍረስ ይላል፣ ከአንዱ ጥል (በአንድ ጊዜ ከተጣለው) ወደ ሌላው ይለያያል፣ ትኩስ ሲሆን በብርሌ ውስጥ ምላስን ቆንጠጥ ያደርጋል። አውሮፓ እንደ አዲስ ግኝት የምታወራለትን ጠባይ ጠጅ ቤት ሲሸጠው ኖሯል። የሚጎድለው ጋዙና ቅለቱ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል 2,450 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ በዚያ ከፍታ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ ክፍት ጋን ውስጥ ያለ ጠጅ በሊትር ሊይዝ የሚችለው ጋዝ ወደ 1.3 ግራም ብቻ ነው። ቢራ ግን 5 ግራም ገደማ ይይዛል። ስለዚህ ብርሌው ጠረጴዛ ላይ ትንሽ እንደቆየ ቁንጥጫው ይጠፋል።

ቅለቱ የሚመጣው ከውሃው መጠን ነው። አንድ ጣሳ ማር በአራት ጣሳ ውሃ ከተበረዘ (ጣሳው በይዘት ነው፣ ማር ደግሞ ከውሃ 1.4 ጊዜ ይከብዳል) በሊትር ወደ 220 ግራም ስኳር ይኖረዋል፤ ፈልቶ ቢያልቅ አልኮሉ ወደ 13 በመቶ ይጠጋል። ይህ ለምሳ የሚሆን መጠጥ አይደለም። ለቀላሉ 1 ኪሎ ማር በ7 ሊትር ውሃ ይበረዛል፤ በሊትር 104 ግራም ያህል ስኳር፣ ሲያልቅ 6 በመቶ ገደማ አልኮል ይሰጣል። ከአንድ ኪሎ ማር 7.7 ሊትር ያህል ይገኛል፤ ዝቃጩ ሲቀነስ ባለ 750 ሚሊ ሊትር ዘጠኝ ጠርሙስ ማለት ነው። የወፍራሙ ጠጅ ግን አምስት ጠርሙስ እንኳ አይሞላም። የማሩን የዕለት ዋጋ ለዘጠኝ ማካፈል የጠርሙሱን የማር ወጪ ይነግራል። ይህን የሠራ ሰው ከማሩ ይልቅ ጠርሙሱና ቆርኪው እንደሚያሳስቡት ቶሎ ይገባዋል።

ለሙከራ የሚመጥነው መጠን 3 ኪሎ ማርና 21 ሊትር ውሃ ነው። ውሃው ፈልቶ ይቀዘቅዛል፤ ማሩ አይፈላም፣ መዓዛው ይተናልና። በወይራ የታጠነ ጋን ጣዕሙ ግሩም ቢሆንም ለዚህ ሥራ የሚታጠብና የሚከደን የምግብ ፕላስቲክ በርሜል ይሻላል፤ የጋን ቀዳዳዎች ውስጥ የተሸሸገ የኮምጣጤ ባክቴሪያ በብርሌ ጠጅ ላይ ላይታወቅ ይችላል፣ ወር በቆየ ጠርሙስ ላይ ግን ይታወቃል። ብርዙ ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ መፍላት ሲጀምር ከ150 እስከ 200 ግራም የደረቀ የጌሾ እንጨት ተቀቅሎ ይገባል። ለጠጅ ከሚለመደው ቀነስ ያለ ነው፤ አልኮሉም ጣፋጩም ሲቀንስ ምሬቱ ብቻውን ፊት ይወጣል። ከስድስት ቀን በኋላ እንጨቱ ይወጣል።

ማር ለእርሾ ድሃ ምግብ ነው፤ ናይትሮጅን ይጎድለዋል። ጠጅ ጣዮች ሰፈፍ ያለበትን ማር የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በውስጡ ያለው የአበባ ዱቄት እርሾውን ይመግባል። የተጣራ ወለላ ብቻ ሲበረዝ ፍላቱ መሃል ላይ ይቆማል። ያለቀ መስሎ የቆመ ፍላት ከሁሉ የከፋው አታላይ ነው፤ ታሽጎ ሙቀት ሲያገኝ እንደገና ይነሣል። የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታም የእርሾ ረሃብ ምልክት ነው። በክፍት ዕቃ ሽታው ይበንና ይረሳል፤ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ ግን መሄጃ የለውም፤ ስለዚህ የሚሸት ጠጅ አይታሸግም። ፍላቱን ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ማድረግ ነው፤ በደብረ ማርቆስ የኅዳር ሌሊት ይህ በርሜሉን መጠቅለል ይጠይቃል፣ በባሕር ዳር ደግሞ በመጋቢት ጥላ መፈለግ።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የፈሳሽን ክብደት የሚለካው ሃይድሮሜትር እዚህ ላይ ከማንኛውም ዕቃ ይበልጣል። 3 ኪሎ በ21 ሊትር የተበረዘው መጀመሪያ ላይ 1.040 ገደማ ያነባል (ንጹሕ ውሃ 1.000 ነው)። ፈልቶ ሲጨርስ 0.998 ወይም 1.000 አካባቢ ይደርሳል፤ ግን የትኛው እንደሆነ ማሩና እርሾው ይወስኑታል፣ መገመት አይቻልም። ስለዚህ ከበርሜሉ አንድ ብርጭቆ ይቀዳና ጥቂት የዳቦ እርሾ ተጨምሮበት ሞቅ ያለ ቦታ ይቀመጣል፤ ይህ ናሙና ከበርሜሉ ቀድሞ ይጨርሳል፣ የመጨረሻውን ቁጥርም ይነግራል። ናሙናው 0.999 ላይ ከቆመ በርሜሉ 1.002 ሲደርስ ይታሸጋል። በሃይድሮሜትሩ ላይ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ (0.001) በሊትር 2.3 ግራም ያህል ስኳር ስለሆነች ሦስቱ ነጥብ 7 ግራም ይሰጣሉ። ያ 3.4 ግራም ጋዝ ያወጣል፤ ቀድሞ ከሟሟው 1.3 ጋር 4.7 ይሆናል፤ የቢራ ያህል ማለት ነው።

ሲለካ የሚሳሳቱባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፣ ግን ያፈነዳሉ። ናሙናው በደንብ ካልተናጠ አረፋዎቹ መለኪያውን ወደ ላይ ያነሡታል፤ ከእውነቱ በላይ ስኳር ያለ ይመስላል። አብዛኛው ሃይድሮሜትር ለ20 ዲግሪ የተሠራ ነው። ማር ገዢዎች እርጥበት የሚለኩበት ሪፍራክቶሜትርማ አልኮል በገባበት ፈሳሽ ላይ ውሸታም ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይታመንም። ምላስም አይታመንም፤ ጌሾና ኮምጣጤነት በሊትር 15 ግራም ስኳር ሊሸፍኑ ይችላሉ።

መለኪያ የሌለው ሰው ሌላ መንገድ አለው፦ ፈልቶ እስኪደርቅ (ስኳሩ እስኪያልቅ) መተው፣ አረፋ ከቆመ በኋላ ሌላ ሁለት ሳምንት መጠበቅ፣ ከዚያ ለሚታሸገው በየሊትሩ 7 ግራም ስኳር ወይም 9 ግራም ማር መዝኖ በጥቂት ውሃ አሟሙቶ መቀላቀል። ለ23 ሊትር 160 ግራም ስኳር ወይም 200 ግራም ማር ነው። የፔት-ናት ወገን ይህን ንጹሕ ዘዴ አይለውም። ለጀማሪ ግን ከንጽሕናው ይልቅ ዓይኑ ይበልጥበታል፤ በሚዛን የተመዘነ ስኳር ከተገመተ ስኳር ይሻላል። ይህም የሚሠራው መጀመሪያ በእውነት ከደረቀ ብቻ ነው።

ከመታሸጉ በፊት በርሜሉ ሁለትና ሦስት ሌሊት ብርድ ውስጥ ቢያድር የአበባ ዱቄቱ ይዘቅጣል፣ ሰሙም ላይ ይሰፍፋል። መጀመሪያ ላይ እርሾውን የመገበው ሰፈፍ አሁን ጠላት ነው፤ እያንዳንዷ የሰም ቅንጣት ጋዝ የሚጠራቀምባት ነጥብ ስለምትሆን ጠርሙሱ ሲከፈት ግማሹ ጣሪያ ላይ ይቀራል። የላዩን ሰፈፍም የታቹን አምቡላም ሳይነኩ ከመሃል በቱቦ ወደ ጠርሙሱ ታች ማውረድ ነው እንጂ በሻሽ እያጠለሉ ከከፍታ ማፍሰስ አየር ያስገባል። ከአፉ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ይተዋል።

ጠርሙሱስ? የተራ ወይን ጠርሙስ ፈጽሞ አይሆንም፤ ለግፊት አልተሠራም፣ ቡሹም ተፈናጥሮ ይወጣል። የቢራ ጠርሙስ ከላይ ለተባለው 4.7 ግራም ጋዝ ይበቃል፣ ከዚያ ማለፍ ግን አያስፈልግም። ብዙ ዙር የሠራ፣ ወገቡ ላይ የተፋቀ ነጭ ቀለበት ያለበት ጠርሙስ ደክሟል። በሊትር 10 ግራም ስኳር የሚፈልግ የሻምፓኝ ዓይነት ወፍራም ጠርሙስ ያግኝ፤ ግን ቆርኪው ይለያል፣ የቢራው 26 ሚሊ ሜትር ሲሆን የእነዚህ በአብዛኛው 29 ነው፤ መግጠሚያውም እንዲሁ። ከእያንዳንዱ ጥል አንዱ በለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይሞላ። ያ የግፊት መለኪያ ነው፤ በጣት ሲጫኑት ገና ከሱቅ እንደመጣ ለስላሳ መጠጥ ድርቅ ካለ መስታወቶቹም ደርሰዋል። ሆዱ ተነፍቶ ታቹ ከወጣ ግን መስታወቶቹን በጨርቅ ሸፍኖ ወደ ብርድ መውሰድ፣ ፊትና እጅን ጠብቆ ጋዙን መተንፈስ ነው። የመጀመሪያውን ጥል እንዲያውም በሙሉ በፕላስቲክ መሥራት ይሻላል። አያምርም፣ ግን ማንንም አይቆርጥም።

አብዛኛው አደጋ የሚመጣው ከለስላሳ ጠጅ ፍቅር ነው። ሠሪው ጣፋጭነቱ እንዲቀር ብሎ በሊትር 30 ግራም ስኳር እያለ ያሽገዋል፣ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ፍሪጅ እርሾን ያዘገያል እንጂ አይገድልም። መብራት ሁለት ቀን ከጠፋ ፍላቱ ይነሣል፤ ያ ሁሉ ስኳር ቢፈላ በ20 ዲግሪ ግፊቱ ከ8 ባር ያልፋል። የመኪና ጎማ 2 ባር ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ ጋዝ ያለው ጠጅ ደረቅ ሆኖ ነው የሚታሸገው። ጣፋጭ የሚወድ እንግዳ ካለ ብርጭቆው ታች ወፈር ያለ ትኩስ ብርዝ ጠብ ይደረግለትና ከላይ ይቀዳለታል፤ አረፋውም ያምራል፣ የማሩም ሽታ ከታሸገው ይልቅ ትኩስ ሆኖ ይመጣል። ለእኛ ጣዕም ከሁሉ የተሻለው አቀራረብ ይህ ነው።

ንግድ የሚያስብ ሰው ከጠርሙሱ ቀጥሎ የሚገጥመው መንገዱ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ጭነት ከደጀን ተነሥቶ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፣ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። ደጋው ላይ በ10 ዲግሪ በውስጡ 2 ባር ያህል ግፊት የነበረው ጠርሙስ ሸለቆው ውስጥ 35 ዲግሪ ሲደርስ ከ4 ባር ያልፋል፤ ጋዝ በሙቀት ከፈሳሽ ይለቃልና። ይህ ለደህና ቢራ ጠርሙስ የሚቻል ነው። በሊትር በ10 ግራም ስኳር የታሸገው ግን ወደ 5.6 ባር ይወጣል። በክልሉ ባለው የጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ መኪና ፀሐይ ላይ ቆሞ ሊውል ይችላል፤ ጭነቱ በሌሊት እንዲያልፍ ማሰብም ሁልጊዜ አይሆንም። ስለዚህ ለጊዜው ይህን መጠጥ ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላም፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ በተሠራበት ከተማ መሸጥ ነው የሚያዋጣው። ጠርሙሱም ባዶውን ይመለሳል፤ በርካሽ መጠጥ ላይ ደግሞ ትርፉ ያለው ጠርሙሱ ሲመለስ ነው።

ስኳር ስለ መቀላቀል ማንሣት ግድ ነው። ከማር ይልቅ ስኳር በብዛት ገብቶበት ማር ጠጅ ነው ተብሎ መሸጡ የታወቀ ችግር ነው። ከፍላት አንጻር ስኳር ክፉ አይደለም፤ ተሟጦ ይፈላል፣ ለመቆጣጠርም ከማር ይቀላል። ግን 6 በመቶ በሆነ ደረቅ መጠጥ ላይ ከአበባው ሽታ ሌላ የሚሸጥ ነገር የለም፤ ስኳር ደግሞ ሽታ የለውም። ወፍራሙ ጠጅ የሚደብቀውን ቀላሉ ያጋልጣል። ለሽያጭ የሚሠራ ሰው የብቃት ማረጋገጫና የንግድ ፈቃድ፣ የኤክሳይስ ታክስም እንደሚጠብቀው ቀድሞ ያስላው፤ ሂሳቡ ጠርሙስ ከመግዛት በፊት ነው።

የጊዜው ሰሌዳ ለጎጃም የተመቸ ነው። የጥቅምት ማር በኅዳር መጀመሪያ ቢጣል በኅዳር መጨረሻ ወይም በታኅሣሥ መግቢያ ይታሸጋል። በ18 ዲግሪ ሦስትና አራት ሳምንት ጋዙን ለመያዝ ይበቃዋል፤ ለጥምቀትና ለጥር ሠርግ ይደርሳል። በቆርኪው ወይም በወረቀቱ ላይ የታሸገበት ቀንና የማሩ ቦታ ይጻፍበት። ከመከፈቱ በፊት አንድ ሌሊት ቆሞ ይቀዝቅዝ፤ ከፍታ ላይ ስላለን የውጭው አየር ግፊት አነስተኛ ነውና አረፋው ከቆላ ይልቅ ይነሣል፤ ስለዚህ ቆርኪው በአንድ ጊዜ አይነሣ፣ በጥቂቱ ይላላና ትንፋሹ ሲወጣ ይጠበቅ። የመጨረሻዋ ሁለት ጣት ዝቃጭ እርሾ ናት፤ ጠርሙሱ ውስጥ ትቅር፣ ወይም ለሚቀጥለው ብርዝ ማስነሻ ትሁን።